የጋሼ ተሰማ ያልታጠበ ሰላጣ

ድሮ ሰው ጤና ሲፈልግ መድኃኒት ቤት ይሄድ ነበር፤ አሁን የሚሄደው ጓሮ ነው። ኬሚካል ያልነካው አትክልት አለ ከተባለ ሰላምታ እንኳ ይረሳል። ኬሚካል ጥሩ ነው እያልኩ አይደለም። ከስምንተኛ ክፍል ያላለፈች ልጅ ስለ ኬሚካል ምን ታውቃለች? እኔ የማውቀው ስለ ማጠብ ነው።

እትዬ ሙሉ ካዛንቺስ ሲፈርስ ምግብ ቤታቸውን ኡራኤል ጀርባ ወዳለች አንዲት ክፍል ያዛወሩ ሴት ናቸው። ትምህርት ሳቆም አትክልት እንዳጥብ የወሰዱኝ እሳቸው ናቸው፤ ማደሪያዬም እዚያው ነው። ሰው ፊት አፌ ስለማይከፈት፣ ይቺ ልጅ የምታወራው ከጎመን ጋር ብቻ ነው ይሉኛል። እውነት ነው፤ ጎመን መልሶ አይጠይቅም።

ጎረቤታችን ጋሼ ተሰማ ደግሞ ጡረታ ወጥተው ሰላጣ መትከል ጀመሩ። ማዳበሪያቸው ላም ከሚያረባ ሰው የሚመጣ ትኩስ እበት ነው። የሳይንስ አስተማሪያችን እበት ወራት ቆይቶ ካልበሰበሰ የሆድ በሽታ ያመጣል ብለውን ነበር፤ ጋሼ ግን መጠበቅ አይወዱም። ዝናብ ሲመጣ ግማሹ በቦዩ ወደ ወንዝ ይወርዳል፤ ከታች ደግሞ በዚያው ወንዝ ጎመን የሚያጠጣ አለ። ዝንቡ ግን የትም አይሄድም፣ እኛው ዘንድ ይቀራል።

አንድ የጾም ረቡዕ ጋሼ ዘንቢል ሙሉ ሰላጣ በነፃ አመጡልን። አንድ ትእዛዝ ብቻ ነበራቸው።

"እንዳይታጠብ። ቫይታሚኑ ከውሃው ጋር ነው የሚሄደው።"

እትዬ በይሉኝታ እሺ አሉ፤ ወደ እኔም ዞረው ጋሼ እንዳሉት አድርጊ አሉኝ።

ቅጠሉን ገለጥ ሳደርግ ቫይታሚኑን አየሁት። ደርቆ ተጣብቋል። ምን ላድርግ? ብናገር ጋሼን ማሳፈር ነው። ባጥብ የእትዬን ቃል ጥሼ እባረራለሁ። ዝም ብል ደግሞ ምሳ የሚበላው ሁሉ ታሞ፣ እትዬ ስንት የለፉበት ቤት ስሙ ይጠፋል። ስለዚህ ዓይናፋር ሰው የሚችለውን ጀግንነት ፈጸምኩ፤ በሩን ዘግቼ አጠብኩት። በሦስት ውሃ፣ ከዚያም አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፌ። ውሃ በሳምንት ሁለቴ በሚመጣበት ሰፈር ሁለት ጀሪካን ጨረስኩ። የተፈጥሮ ሰላጣ ውሃ የሚጠጣው ሲያድግ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ምሳ ላይ ሰው ሁሉ ወደደው። ጋሼ ደስ ብሏቸው አፈሩ ራሱ ይጣፍጣል እያሉ ያቺን ትእዛዝ አክባሪ ልጅ ጥሩልኝ አሉ። ከፌስታላቸው ጠዋት የቀጠፉትን ሰላጣ አወጡ፣ በእንጀራ ጠቀለሉ፣ ብድግ ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ቤት ሙሉ ሰው ያየኛል። ፀጉራቸው የሸበተ ሽማግሌ የዘረጉት ጉርሻ እንዴት ይመለሳል? ለመናገር እምቢ ያለው አፌ ለዚህ ተከፈተ። ጉርሻ ደግሞ አንድ ሆኖ አይቀርም፤ ሁለተኛው ተከተለ።

ሦስት ቀን ተኛሁ። እትዬ ሥራቸውን እየተዉ አጥሚት ያመጡልኝ ነበር። እንደዚያ የተንከባከበኝ ሰው ስላልነበረ፣ ቁርጠቱን ራሱን ላመሰግነው ምንም አልቀረኝም።

ጋሼም ሊጠይቁኝ መጡ። አልጋዬ ጫፍ ተቀምጠው ነገሩን መረመሩት። በእሳቸው ስሌት ያልታጠበውን የበላ ሰው ሁሉ ደህና ነው፤ እንግዲህ እኔን ያሳመመኝ የታጠበ ነገር መሆን አለበት።

"እውነቱን ንገሪኝ ልጄ፣ የሆነ ነገር አጥበሻል አይደል?"

"አዎ ጋሼ፣ አጥቤአለሁ" አልኩ።

በሽታዬን ስላገኙት ረክተው ራሳቸውን ነቀነቁ። እትዬ ግን በሩ ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። መጀመሪያ አፈጠጡብኝ፣ ከዚያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወጡ። በቃ ተባረርኩ ብዬ ልብሶቼን በሐሳቤ ማጣጠፍ ጀመርኩ። ሰኞ ሥራ ስገባ ማጠቢያው አጠገብ ሁለት አዲስ ጀሪካንና አንድ ትልቅ ጠርሙስ አቼቶ ተቀምጦ አገኘሁ። አንድ ቃል አልተናገሩኝም። እኔም እንደዚያ ያለ ደግ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም።

ሰላጣው ዛሬም ይመጣል። እትዬ የጋሼን ፌስታል በር ላይ ስለሚቀበሏቸው፣ ጋሼ የሚያጎርሱኝ እኔው ካጠብኩት ሳህን ነው። እያጎረሱኝም ለተመጋቢው ሁሉ ምስጢሩ አለመታጠቡ እንደሆነ ያስረዳሉ። እውነቱን ለመናገር አሁን ድፍረቱ አለኝ፤ ችግሩ፣ ሁልጊዜ በዚያች ሰዓት አፌ ሙሉ ነው።