የክቡር ጋሼ ቋጠሮ ሲባጎ

ቴሌቪዥን ተበላሽቶበት አዋቂ ጎረቤት ያጣ ቤት በዓለም ላይ የለም። ሐኪም ይታጣል፤ ቧንቧ ሠሪማ ተለምኖም አይመጣም። አዋቂ ጎረቤት ግን ገና «ምን ነካው ይሄ ነገር?» ስትሉ በር ላይ ጫማውን እያወለቀ ነው።

በአንድ ፎቅ ቤት ለምትኖር አንዲት ልብስ ሰፊ የደረሷት ጎረቤት ክቡር ጋሼ ቋጠሮ ናቸው። ዕድሜያቸውን መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲያሽጉ ኖረው ጡረታ ቢወጡም፣ እጃቸው ጡረታ አልወጣም፤ ያገኙትን ሁሉ ጠቅልለው ያስራሉ። የፋይበር ቴሌቪዥን ወደ ፎቁ የገባ ሰሞን በየቤቱ ዞረው፣ ከመቀበያው ሳጥን ጀርባ የተዝረከረከውን ቀጭን ገመድ እንደ መሀረብ አጣጥፈው በሲባጎ ጠፈሩት። «ገመድና ምላስ ካልታሰረ ጣጣ ያመጣል!» አሉ። ሰዉም መረቃቸው።

ከዚያ ወዲህ ምሥሉ ጤና አጣ። ዘፋኙ አፉን ሲከፍት ፊቱ እንደተከተፈ ሳሙና አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ይሆናል፤ ኳሷ ትጠፋና ጎሉ ይቆጠራል። ጋሼ ቋጠሮ እየመጡ ሪሞቱን በመዳፋቸው ይመቱታል፣ ሳጥኑን አጥፍተው ያበሩታል፣ የቴሌቪዥኑን ጀርባ ዳበስ አድርገው እንደ ሐኪም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ፍርዳቸው ምንጊዜም አንድ ነው፦ «ይሄ ከላይ ነው!» ከላይ ማለት አንዳንዴ መስመሩን የዘረጋው ድርጅት፣ አንዳንዴ ደመናው፣ ሲብስባቸው ደግሞ አራተኛ ፎቅ ያለችው ሴትዮ ናት።

ልብስ ሰፊዋ ሁሉንም ችላው ነበር፤ ልጇ የምሽቱን ዜና በቴሌቪዥን ለመጀመሪያ ጊዜ የምታነብበት ቀን እስኪደርስ። ያን ዕለት ድርጅቱ ጋ ደወለች። ስልኩን ያነሳችው ሠራተኛ፣ «እናቴ፣ በዚያ ገመድ ውስጥ የሚሄደው ብርሃን ነው፤ በጣም ከታጠፈ መንገድ ያጣል። የታጠፈ ቦታ አለው?» አለቻት።

ጋሼ ቋጠሮ ይህን ሲሰሙ ቱግ አሉ። «ታጠፈ? እኔ ያሰርኩት? መርከብ ላይ ቢጫን አይፈታም!»

«እሱን ነው የፈራሁት፣ ጋሼ።»

ዜናው ጀመረ። ልጂቱ ብቅ አለች፤ አንድ ዓይን እዚህ፣ ግማሽ አገጭ እዚያ። እናት መቀሷን አነሳች።

«ኧረ ተይ አንቺ ሴትዮ! ገመዱን ትበጥሺዋለሽ!»

«ክር ከጨርቅ ስለይ አይደል የኖርኩት?»

ሲባጎውን ቀጭ! ገመዱ ተፍታቶ ዘርፈፍ አለ፤ የልጂቱም ፊት ከየተበተነበት ተሰበሰበ፣ ከነመነጽሯ፣ እናቷ ከሰፋችላት ኮት በላይ።

እናት አለቀሰች። ጋሼ ቋጠሮ ወደ መስኮቱ ዞረው አፍንጫቸውን ጠረጉ። ዜናው ሲያልቅ የወደቀውን ሲባጎ አንስተው ኪሳቸው ከተቱና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ለሰው ትናገሪያለሽ?» አሉ።

«ምኑን፣ ጋሼ?»

በማግስቱ ክቡርነታቸው መቀሷን ተውሰው በር ሲያንኳኩ ዋሉ። ከየፎቁ «እሰይ፣ ጠራ! እጅዎ ይባረክ!» ይሰማል። የገዛ ቋጠሯቸውን እየፈቱ ለሁለተኛ ጊዜ ተመረቁ።

አመሻሽ ላይ የአራተኛ ፎቋ ሴትዮ ወርዳ፣ «ለመሆኑ ምን አድርገውት ነው?» ብላ ጠየቀች።

ልብስ ሰፊዋ ከመርፌዋ ቀና አላለችም።

«እኔ ምን አውቄ፣ እህቴ፤ ከላይ ነው መሰለኝ።»