የግቢያችን ፎቶ ለምን እንደዘገየ

አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ይህ ሊወራ የሚገባው ጉዳይ አልነበረም። እስከ ዛሬ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ይመስለኛል። ምስጢር በማባከንም የምታማ ሰው አይደለሁም። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ተሸከምኩት፣ ደከመኝ። «ሆድ ይፍጀው» ማለት ለተናጋሪው ቀላል ነው፤ የሚፈጀው ሆድ ግን የራሱ አቅም አለው።

ሰው በዚህ ዓለም ራሱን የሚያደክምበት መንገድ አያጣም። አንዱ አሸንፎ የማያውቅ የኳስ ቡድን ይደግፋል፤ አንዱ ኮሚቴ ይመረጣል፤ አንዱ እቤቱ ያለው ጠብ ያነሰው ይመስል ፌስቡክ ላይ ከማያውቀው ሰው ጋር ሲከራከር ያመሻል። እኔ በፊልም ካሜራ ፎቶ አነሳለሁ። አዎ፣ በዚያ ፊልም ጎርሶ ሠላሳ ስድስት ጊዜ ቀጭ ብሎ በሚያበቃው። ቀን ቀን አቃቂ አንድ የብረት ፋብሪካ ውስጥ የዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊ ነኝ፤ የገባውን ብሎን ገባ፣ የወጣውን ወጣ እያልኩ እመዘግባለሁ። ከዚህ የተረፈ ጉልበት ይኖረኝ ይሆን ብላችሁ ከጠየቃችሁ፣ የለኝም። ለዚህ ነው ካሜራውን የምይዘው፤ ሰው ቢያንስ እሑድን በራሱ ፈቃድ ይድከም።

ፊልሙ እንደ ልብ አይገኝም፤ ከውጭ የሚመጣ ሰው እየተለመነ ነው። የመጣችውን አንዲት ጥቅል ለመጨረስ አራት ወር ይፈጅብኛል። ምክንያቱም ጣቴን ቁልፉ ላይ አድርጌ «ይሄ ለፊልም ይበቃል ወይስ አይበቃም?» እያልኩ ሳመነታ፣ ላነሳው የነበረው ሰው ታክሲ ይዞ ሄዷል።

ሰፈራችን እዚያው አቃቂ፣ ከድሮው የባቡር ጣቢያ ወረድ ብሎ ነበር። እዚያ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ የሚሄድ ሰው ካያችሁ እንግዳ ነው፤ ሲመለስ ጆሮው ብቻ ነው የሚቀረው። ካሜራ አንግቶ መዞር እብደት ነው ያሉኝ ብዙ ናቸው፤ አልተሳሳቱም። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ተነጠቅኩ። ነጣቂው ድልድዩ ጋ እስኪደርስ ሮጠ፣ ቆመ፣ ካሜራውን ገለበጠ፣ ደግሞ ገለበጠ። ከዚያ በዝግታ ተመልሶ መጣና ሐዘን ቤት እንደገባ ሰው አንገቱን ደፍቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

«ጋሼ፣ ስክሪኑን ማን ቀደመኝ?» አለ።

ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሌቦች ሰላምታ አይነፍጉኝም። አስቀድሞ የተዘረፈ ሰው ይከበራል።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ግቢያችን ስድስት ቤት፣ አንድ ቧንቧና አንድ ሽንት ቤት ነበረው። ከስድስቱ ሁለቱ ቤቶች ለሦስት ዓመት አልተነጋገሩም። አንደኛዋ እትዬ ጥሩነሽ ናቸው፤ የባቡር ሠራተኛ ሚስት የነበሩ፣ ከሁላችንም ቀድመው ግቢው የገቡ፣ ማን መቼ እንደተወለደና ማን የተበደረውን ወንፊት እንዳልመለሰ ሳይሳሳቱ የሚያስታውሱ። ሌላዋ በለጡ ናት፤ ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጥ፣ እጇ ለጋስ፣ ምላሷ የማያርፍ። ጠቡ እንዲህ ጀመረ። አንድ ጠዋት እትዬ ጥሩነሽ ነጠላቸውን ሳያደርጉ፣ ፀጉራቸው እንደተንጨባረረ የሽንት ቤቱን በር እየደበደቡ «ውስጥ አደርክ ወይ?» እያሉ ሲጮሁ፣ የበለጡ ልጅ በስልኳ ቀረጸቻቸውና ቲክቶክ ላይ ለቀቀችው። በሙዚቃ።

ውስጥ የነበርኩት እኔ ነኝ። ፊልም ለማጠብ ጨለማ ያስፈልጋል፤ ከግቢው ጨለማ የሚገኘው ደግሞ እዚያ ነበር። ስለ ጠቡ ሲወራ ግን ይህን ማንም አያነሳውም፤ እኔም ማስታወስ አልወድም።

እትዬ ጥሩነሽ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ በየጥጉ የቆመ ጎረምሳ ሁሉ «ውስጥ አደርክ ወይ?» ይላቸው ጀመር። አንድ ወር ከግቢ አልወጡም። ከበለጡ ጋር ሰላምታው ቀረ፤ ልብስ በአንድ ገመድ ማስጣትም ቀረ። ሽማግሌ ቢላክ እንኳ ቪዲዮውን አይቶ ስለነበር ፊታቸው ቆሞ ሳቁን መዋጥ አቃተው።

ከዚያ ለልማት ተነሺ ናችሁ የሚለው ደብዳቤ መጣ። ከፊላችን ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ደረሰን፤ በለጡ ሳሪስ እህቷ ጋ ልትገባ ሆነ፤ ሌላውም በየዘመዱ። ከመበተናችን በፊት አንድ ላይ ፎቶ እንነሣ ተባለ። እትዬ ጥሩነሽ ተስማሙ፤ ግን ውል አስገቡ። ስልክ የሚባል ነገር ግቢው ውስጥ አይታይም። የሚያነሣው ያ ወዲያው የማያሳየው፣ ሙዚቃ የማይገባበት ካሜራ ይሁን፤ የሚወጣውም በወረቀት፣ ለየቤቱ አንድ አንድ። ስልኮቹ ሁሉ በሰፌድ ተሰብስበው የእኔ አልጋ ላይ ተቀመጡና በር ተቆለፈባቸው። እንዲህ የተፈለግኩበት ቀን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላስታውስም።

እትዬ ጥሩነሽ በግራ ጫፍ ቆሙ፣ በለጡ በቀኝ ጫፍ። በመካከላቸው አሥራ አራት ሰው። ግቢው ጠባብ ነው፤ ጀርባዬ የቆርቆሮው አጥር ላይ ተለጥፎም ሁለቱ ጫፎች አልገቡልኝም። ጠጋ በሉ አልኩ፤ ጠጉ፤ አልገቡም። ስለዚህ በሁለቱም ጫፍ የቆሙት መጥተው ፊት ለፊት አግዳሚው ላይ እንዲቀመጡ አዘዝኩ። ተንኮል አስቤ አይደለም፤ ሌንሱ አይበቃም ነበር። አግዳሚዋ ደግሞ ለሁለት ሰው ትንሽ ታንሳለች።

ተቀመጡ። ደመና ፀሐይዋን ሸፈናትና መጠበቅ ግድ ሆነ። ስንጠብቅ የእትዬ ጥሩነሽ ነጠላ ከራሳቸው ወደ ትከሻቸው ተንሸራተተ። በለጡ ሳትዞር እጇን ሰደደችና መለሰችላቸው፤ ጫፉንም አስተካከለች።

«የዚያን ለታ እንዲህ ብታደርጊልኝ ምን ነበረበት?» አሉ እትዬ ጥሩነሽ፣ ካሜራውን እያዩ።

«ልጄ ናትና እሷን ከለልኳት፣ እትዬ» አለች በለጡ፣ እሷም ካሜራውን እያየች። «መከለል የነበረብኝ እርስዎን ነበር።»

ደመናው ገለጥ አለ። ቀጭ አደረግኩ። ሠላሳ ስድስተኛዋ ነበረች፤ የጥቅሉ የመጨረሻ።

አሁን ስለ አምፖል ትንሽ ታገሡኝ። ፊልም ከጥቅሉ ወጥቶ ማጠቢያ ጣሳው ውስጥ እስኪገባ ድረስ ድፍን ጨለማ ይፈልጋል፤ የብርሃን ጭላንጭል ካየ አለቀለት። ከሽንት ቤቱ ከታገድኩ ወዲህ መስኮት የሌላትን የዕቃ ማስቀመጫ ክፍሌን ነበር የምጠቀመው፤ የበሩን ስንጥቅ በጋቢ እደፍናለሁ። የክፍሏ ማብሪያ ማጥፊያ ከተበላሸ ቆይቷል። ስለዚህ አምፖሏን ስትፈለግ እናጠብቃታለን፣ ሳትፈለግ እናላላታለን። እናንተም ቤት እንዲህ ያለ አምፖል አለ፤ አትደብቁኝ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ክፍሏ ገባሁ። ጨለማዋ ልብ ይሞላ ነበር። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ነበርና በአቃቂ በዚህ የሚደሰት አንድ ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ። ፊልሙን መዝዤ በዳበሳ መጠምጠም ያዝኩ። እኩሌታው ላይ ስደርስ ሰፈሩ በአንድ ድምፅ «መጣ!» አለ።

ሕፃኑ ጮኸ፣ ወፍጮ ቤቱ ጮኸ፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን ካቆመበት ቀጠለ። የኔም አምፖል መጣች። ማላላቷን ረስቼው ነበር። ፊልሙን እንዳንጠለጠልኩ ቆሜ አየኋት።

ተስፋ አይቆረጥም ብዬ አጠብኩት። ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ድስት ቂጥ ጠቆረ። አሥራ ስድስት ሰው ከነእርቁ።

እውነቱን ልናገር ወጣሁ፤ በእግዜር ስም፣ ልናገር ነበር የወጣሁት። እትዬ ጥሩነሽ ደጃፋቸው ላይ ሳህንና ብረት ድስት በማዳበሪያ እያሰሩ ነው። የገመዱን ሌላ ጫፍ ይዛ የምትስብላቸው በለጡ ናት። ቀና ብለው ወጣልህ ወይ ሲሉኝ፣ ገና አልደረቀም አልኳቸው።

እነሆ ሁለት ዓመት። መድረቁ ሲያልቅ ወረቀቱ ጠፋ፤ ወረቀቱ ሊመጣ ሲል አምጪው ጉዞውን ሰረዘ፤ ከዚያ ደግሞ ቤት ስቀይር ዕቃ ውስጥ ተቀላቀለብኝ። እንደገና እንነሣ እንዳልል፣ ግቢው አስፋልት ሆኗል። ውሸት አንዴ ከተወለደ ማሳደጉ የወላጅ ነው።

እና በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ በለጡ ከሳሪስ ትመጣለች፣ እትዬ ጥሩነሽን ከብሎካቸው ትወስዳለች፣ ፎቶው ደረሰ ወይ ሊሉ በየደረጃው እያረፉ እኔ ያለሁበት አራተኛ ፎቅ ይወጣሉ። ልጅቷ እንኳ አንዳንዴ አሮጊቷን ደግፋ ትመጣለች፤ ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ሽንኩርት ያመጡልኛል። ተቀምጠው ስለ ፎቶው ይከራከራሉ፤ ማን በቀኝ ተቀመጠ፣ ማን ዓይኑን ጨፈነ። ያን ቀን አዳማ የነበረ ጎረቤታችን ሳይቀር አሁን ከኋላ ቆሟል፤ ፈገግ ብሎ። እኔም አዎ እላለሁ። በሠላሳ ዓመት ልምዴ እንደዚያ ያማረ ፎቶ አላነሳሁም።

ባለፈው እሑድ ግን ልቤ ዛለ። በለጡ ስልክ ተደውሎላት በረንዳ ስትወጣ፣ ወደ እትዬ ጥሩነሽ ጠጋ ብዬ ስለዚያ ፎቶ አንድ የምነግርዎ ነገር አለ ብዬ ጀመርኩ። እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አኖሩ።

«አትቸኩል፣ ልጄ» አሉ፣ ወደ በረንዳው እያዩ። «ይቺ ሁለት ታክሲ ይዛ ነው የምትመጣው።»

ምን ለማለት እንደፈለጉ አልገባኝም። እኔ የብሎን ጸሐፊ ነኝ።

እንግዲህ አደራ፣ ይህን ለማንም አትንገሩ። በተለይ ሳሪስ ሽንኩርት የምትገዙ ሰዎች፤ ሻጯ ስለ አንድ ፎቶ ካነሳችባችሁ፣ ሽንኩርታችሁን መርጣችሁ ዝም ብላችሁ ሂዱ።