ጋቢ የለበሰው ሲንተሳይዘር

«የድሮው ነበር እንጂ!» የሚል ሰው የሌለበት ከተማ ገና አልተቆረቆረም። ንፋስ መውጫም ድርሻዋ ደርሷታል፤ ጋሽ ዳኛቸውን አግኝታለችና።

ጋሽ ዳኛቸው ሠርግ አጫዋች ናቸው። ሰፈርተኛው «ሊቀ ድምፅ» የሚል ማዕረግ ሰጥቷቸዋል፤ ቀልድ መሆኑን እስካሁን የነገራቸው የለም። አዲስ ነገር ባዩ ቁጥር የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ «ነፍሱስ የታለ?» ባጃጅ የመጣ ሰሞን ዙሪያውን ዞረው አዩትና «መሮጡንስ ይሮጣል፤ ነፍሱስ የታለ?» አሉ። ጎረቤታቸው ዘነበች ጠረጴዛዋ ላይ የፕላስቲክ አበባ ብታስቀምጥ፣ ጎንበስ ብለው አሽትተው ያንኑ ጠየቋት። ሴትዮዋ እስከ ፋሲካ አኮረፈቻቸው።

በእሳቸው ሚዛን ነፍስ ያለው ዕቃ አንድ ብቻ ነው፤ ከፈረሰው የኪነት ቡድን የተረፈው አሮጌ ሲንተሳይዘራቸው፣ ያ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ባለ ቁልፍ የሙዚቃ መሣሪያ። የጋይንት ብርድ ሲነካው ድምፁ ከተቃኘበት ይሸሻል። ስለዚህ ከሠርግ በፊት ጋቢያቸውን አውልቀው ያለብሱታል፤ እሱ ተከናንቦ፣ እሳቸው በኮት እየተንቀጠቀጡ። ሙሽራውን እንኳ እንዲህ ያቀማጠለው የለም።

ታዲያ አንድ ጥር፣ የሰፈርተኛቸው የጌጤ ልጅ ሠርግ ሲቃረብ፣ ሲንተሳይዘሩ ጭስ አወጣና ዝም አለ። ባሕር ዳር ድረስ ተወስዶም አልዳነ። «በቃ፣ የእኔም ነገር አበቃ» አሉ ጋሽ ዳኛቸው። እህል እምቢ፣ ጨዋታ እምቢ።

ባሕር ዳር የምትማረው ልጃቸው ህይወት ይህን ሰምታ ላፕቶፗን ይዛ መጣች። የድሮ ሲንተሳይዘሮችን ድምፅ አስመስሎ የሚያወጣ ሶፍትዌር ጭናበታለች፤ የድምፅ ማስተካከያ መዘውሮቹ ሳይቀሩ ስክሪኑ ላይ ተሥለዋል። ትንሽ ኪቦርድ ሰካችና ተጫወተችላቸው።

«ድምፁስ ድምፁ ነው» አሉ አባት። «ነፍሱስ የታለ?»

ህይወት ልትናደድ ነበር፤ ግን ነገሩ ከነከናት። እሷ የማትሰማው፣ እሳቸው የሚሰሙት ምንድን ነው? የአባቷን የድሮ የሠርግ ካሴት አውጥታ ደጋግማ አዳመጠች። ቆይቶ ገባት። የድሮው ድምፅ አንድ ቦታ ረግቶ አያውቅም፤ ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ እያለ ይዋልላል። በርዶታል። ሶፍትዌሩ ግን ጥር ይሁን ሰኔ ደንታ የለውም። መዘውሮቹን አንድ በአንድ ስትነካካ፣ ድምፁን እንደ አሮጌ ዕቃ የሚያዋልል አንድ መዘውር አገኘች። የሠሩት ሰዎች ጉድለቱን ሳይቀር አስመስለዋል! ምን ዓይነት ሰዎች ይሆኑ እያለች እስከ ጥግ አዞረችው።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት ዳሱ ውስጥ በአባቷ ቦታ ስትጫወት፣ ለእንግድነት ብቻ የመጡት ጋሽ ዳኛቸው በር ላይ ቀጥ አሉ።

«ማነው ይህን ብርድ ያስመታው?»

«እኔ ነኝ አባባ። እርስዎ ካልተጫወቱበት እንዴት ይሆናል?»

ጋቢያቸውን አውልቀው ላፕቶፑን ጠቀለሉት። «ነፍስ የሌለው ነገር መቼ ይበርደዋል?» አሉ እየተቆጡ። «እንዴት እርቃኑን ታመጭዋለሽ?»

የላፕቶፕ ጠላቱ ሙቀት እንጂ ብርድ አለመሆኑን ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። በኮት ብቻ እየተንቀጠቀጡ ጣቶቻቸውን ለጨዋታ ሲያፍታቱ፣ ዓይናቸው እንደ ድሮው ሲበራ አየችና አንጀቷን በሉት። ይልቁንም ጋቢውን በላፕቶፑ አየር ማስወጫ በኩል ገለጥ አደረገችው።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አሉ።

«ይተንፍስ ብዬ ነው፣ አባባ።»

ጋሽ ዳኛቸው ትንሽ አሰቡና በእጃቸው የበለጠ ገለጡለት። «እሱስ እውነትሽን ነው።»