ዓይኔን ጨፍኜ አገኘዋለሁ

[ጠባብ ክፍል። ጠረጴዛው ላይ ሆዳቸው የተከፈተ ሬዲዮኖች፣ የኮምፒውተር አንጀት፣ የተጠላለፈ ሽቦ። ወለሉ ላይ እግር ማሳረፊያ የለም። የቤቱ አባወራ በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ያዥ ነው፤ ሰፈሩ ግን "ኢንጂነሩ" ይለዋል። ስሙን ያወጣው ራሱ ነው። አብሮት ያለው የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሥራ እስኪያገኝ ብሎ እነሱ ጋ ከተቀመጠ ሦስት ወር ሆኖታል።]

ኢንጂነሩ: ተነስ! ተነስ እያልኩህ እኮ ነው!

አማች: ምን አደረግኩ ጋሼ? ቁጭ ነው ያልኩት።

ኢንጂነሩ: ምን ላይ እንደተቀመጥክ ታውቃለህ?

አማች: ወንበር ላይ።

ኢንጂነሩ: ወንበር አይደለም! ሰርቨር ነው።

አማች: አራት እግር አለው እኮ።

ኢንጂነሩ: ሰርቨር አራት እግር የለውም ያለህ ማነው?

አማች: መደገፊያም አለው።

ኢንጂነሩ: እሱ አየር እንዲያገኝ ነው። ከሥሩ የታሰረው ሳጥን አይታይህም? የሰፈሩ ሰው ሁሉ ፎቶውን እዚያ ውስጥ ያስቀምጣል። መሥራት ሲጀምር።

አማች: መቼ ነው የሚጀምረው?

ኢንጂነሩ: አንተ ከላዩ ስትወርድ!

አማች: [እየተነሳ] ዛሬ ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምትጮኸው?

ኢንጂነሩ: እህትህ ጦርነት አውጃብኝ ነው ሥራ የሄደችው። ጠዋት ስክሪኑ ላይ ተለጥፎ ያገኘሁትን ስማ። [ወረቀት አውጥቶ ያነባል] "ክፍልህ ውስጥ የኔን አንድ ዕቃ ደብቄያለሁ። እዚህ ያለውን ሁሉ አውቀዋለሁ ትል የለ? ስድስት ሰዓት እስክመጣ ካገኘኸው ክፍሉ ያንተ ነው። ካላገኘኸው ኮተትህን በሙሉ ለአሮጌ ዕቃ ገዢ አስረክባለሁ።" ኮተት! ኮተት ትለዋለች!

አማች: ወይ ጉድ! እሷ ራሷ ናት የጻፈችው?

ኢንጂነሩ: ታዲያ ማን ይጻፈው? አስራ አንድ ዓመት አብሬያት ኖሬ ጽሕፈቷ ሊጠፋኝ? መዝገብ ቤት ውስጥ ሃያ ዓመት የሰው ፊርማ ስለይ ነው የኖርኩት። ይቺን "ለ" እያት። እግሯን እንዴት እንደወረወረችው! በንዴት የተጻፈች የሴት "ለ" ናት።

አማች: [ጠጋ ብሎ እያየ] እውነትም የተናደደች ትመስላለች።

ኢንጂነሩ: ስንት ሰዓት ነው?

አማች: አምስት ሰዓት ከሩብ። ግን ምን አስጨነቀህ? ዓይኔን ጨፍኜ አገኘዋለሁ ትል የለ።

ኢንጂነሩ: አገኘዋለሁ! ላልገባው ሰው ዝርክርክ ይመስላል እንጂ ሥርዓት አለው። እስቲ አንድ ዕቃ ጥራ።

አማች: ፒንሳ።

ኢንጂነሩ: [ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ክምሩ ውስጥ ይከታል] ሁለተኛው ክምር፣ ከሞተው ሬዲዮ ጀርባ፣ በግራ በኩል... ይኸውልህ!

አማች: ጋሼ፣ እሱ የጥርስ ብሩሽ ነው።

ኢንጂነሩ: የኮምፒውተር ቦርድ መጥረጊያ ነው። ፒንሳው ከሱ ቀጥሎ ነው።

አማች: የኔ የጥርስ ብሩሽ ነው። ሰኞ የጠፋብኝ።

ኢንጂነሩ: አንተ ያለህ ሠላሳ ሁለት ጥርስ ነው። ይሄ ቦርድ አራት መቶ እግር አለው። ማን ይቅደም?

አማች: እኔ ሠላሳ አንድ ነው ያለኝ።

ኢንጂነሩ: ይኸው! ጭራሽ!

አማች: ይሄ ቀይ ሽቦስ የምንድነው?

ኢንጂነሩ: እንዳትነካው!

[ይነካዋል። የበሩ ደወል ይጮኻል። ኢንጂነሩ ጠረጴዛ ሥር ይገባል።]

ኢንጂነሩ: መጣች! አለቀልኝ! የለም በላት!

አማች: [በመስኮት አይቶ] ማንም የለም። ሽቦውን ስነካው ነው የጮኸው። [ይነካዋል፤ ይጮኻል] አየህ?

ኢንጂነሩ: [ልብሱን እያራገፈ ይወጣል] አውቃለሁ። ደወሉን ያሻሻልኩት እኔ ነኝ። ድሮ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነበር የሚሠራው።

አማች: አሁንስ?

ኢንጂነሩ: አሁን እንግዳ አይጠብቅም። በል እጅህን ሰብስብና አግዘኝ። የእህትህን ዕቃ እንፈልግ።

አማች: እኔማ የሷን ዕቃ ባልነካ ይሻለኛል። እቤት የጠፋውን ሁሉ እኔ የወሰድኩት ነው የሚመስላት። ወር ሳይሞላ ሌላ ቤት ፈልግ ብላኛለች። የት እንደምገባ አላውቅም።

ኢንጂነሩ: አይዞህ፣ ይበርድላታል።

አማች: አንተም እኮ ራት ላይ "ቤት ውስጥ ሰው ሲበዛ ዕቃ ይጠፋል" ብለሃል።

ኢንጂነሩ: በጠቅላላው ነው የተናገርኩት።

አማች: ወደኔ እያየህ ነበር።

ኢንጂነሩ: ከኋላህ ያለውን አምፖል ነበር የማየው። ሃሳብ ላይ ነበርኩ። አሁን እሱን ተወውና እዚያ ጋ ያለውን ካርቶን አንሳልኝ!

አማች: [ካርቶኑን ከፍቶ] አገኘሁት! ካውያ! የእህቴ ካውያ ነው። ይሄን ነው የደበቀችው!

ኢንጂነሩ: [ይስቃል] ምስኪን። ይሄ አይደለም።

አማች: የሷ ነው እኮ። እጀታው ላይ የተቃጠለውን አውቀዋለሁ።

ኢንጂነሩ: የሷማ የሷ ነው። ግን እሷ አይደለችም እዚህ ያስገባችው፤ እኔ ነኝ። ሁለት ወር ሆነው። ከቦርድ ላይ ቺፕ ለመንቀል ከሥር የሚያሞቅ ነገር ይፈለጋል። ገልብጬ አስሬ፣ ቦርዱን ጣል አደርግበታለሁ፣ ቺፑ እንደ ቂጣ ይነሳል።

አማች: እህህ። ታዲያ ይሄን ካየነው ወዲያ ደግመን እንዳናነሳው ልጻፈው? እኔ ቶሎ እረሳለሁ።

ኢንጂነሩ: ተመስገን፣ አንድ ቀን እንኳን ጭንቅላትህን ተጠቀምክ። ጻፍ።

አማች: [ከኪሱ እርሳስና ወረቀት አውጥቶ] "ካ... ው... ያ።"

ኢንጂነሩ: እንዲህ ነው የሚጻፈው? የሱቅ ዱቤ አደረግከው እኮ! አምጣ። [ወረቀቱን ነጥቆ መስመር ያሰምራል] ተራ ቁጥር። የዕቃው ስም። የገባበት ቀን። ያስገባው ሰው። ምክንያት። መዝገብ እንዲህ ነው የሚያዘው። አንተ ጥራ፣ እኔ እሞላለሁ።

አማች: አንተ ትሞላለህ? በራስህ እጅ?

ኢንጂነሩ: ያንተን ጽሕፈት ማን ያነበዋል?

አማች: እሱስ ልክ ነህ። [ይቆፍራል] የፀጉር ማድረቂያ!

ኢንጂነሩ: አይደለም። ያስገባው፣ እኔ። ምክንያት፣ ፕላስቲክ ማለስለሻ።

አማች: "ከቦርሳዬ ውስጥ ማን አወጣው" ብላ ሦስት ቀን ያለቀሰችለት ይሄ አይደል?

ኢንጂነሩ: አላለቀሰችም፤ ፀጉሯ ስላልደረቀ ነው ፊቷ የራሰው። ቀጥል።

አማች: ወንፊት። መሃሉ ላይ ሽቦ ተበይዶበታል።

ኢንጂነሩ: አንቴና ነው። እሱን በመስኮት ሳወጣው አንድ ጣቢያ አገኘሁ።

አማች: ምን ይላል ጣቢያው?

ኢንጂነሩ: ያፏጫል። እኔ ያስገባሁት። ቀጥል፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው!

አማች: የግድግዳ ሰዓት! ይሄስ?

ኢንጂነሩ: ሞተሩን ለሮቦት ወስጄዋለሁ።

አማች: ሮቦቱ የታለ?

ኢንጂነሩ: አንተ የቆምክበት።

አማች: [እግሩን ያነሳል] ወይኔ! ይቅርታ። ይሄ የኬክ መምቻ ግን አንድ ክንፉ የታለ?

ኢንጂነሩ: እሱም ከሮቦቱ ጋር ነው፤ ቀኝ እጁ ነበር። እኔ ነኝ ያስገባሁት፤ ልክ የልደት ቀኗ ማግስት።

አማች: ለልደቷ የገዛህላት?

ኢንጂነሩ: ታዲያ አንድ ቀን ሙሉ ተጠቀመችበት አይደል? አቦ አትከራከረኝ፣ አንተ ጥራ ብቻ።

[አማች እየቆፈረ ይጠራል፤ ኢንጂነሩ እየሳቀ ይጽፋል። ትራስ፦ ለኮምፒውተሩ መተኛ። ሻንጣ፦ ለሽቦ። የድስት ክዳን፦ እሱም አንቴና ነው፤ አያፏጭም።]

አማች: አስራ አራት ሆነ። እስካሁን የሷ ያልሆነ የለም፣ እሷ የደበቀችው ደግሞ የለም።

ኢንጂነሩ: [ላቡን እየጠረገ] እንዴት ሊሆን ይችላል? ክፍሉን ገለበጥነው እኮ! ስንት ሰዓት ነው?

አማች: ለስድስት አስር ጉዳይ። ጋሼ፣ ምናልባት የዘለልነው ካለ... ይሄ ሁሉ በደንብ መጣራቱ በምን ይታወቃል?

ኢንጂነሩ: መጣራቱማ ተጣርቷል! ፊርማ ያላረፈበት መዝገብ መዝገብ አይደለም። [ይፈርማል] ቆይ፣ ቆይ። [መሳቢያ ከፍቶ ማኅተም ያወጣል] ይቺን ያሠራኋት እንዲህ ላለ ቀን ነው። "የቤት ውስጥ ምርምር ክፍል።" [እፍ ብሎ ይመታበታል] አሁን ማንም አይክደውም።

አማች: ማንም?

ኢንጂነሩ: እኔ ራሴ ልካደው ብል እንኳ አልችልም!

አማች: [ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀብሎ ያነባል] "ካውያ። ያስገባው፣ ኢንጂነሩ። የፀጉር ማድረቂያ። ያስገባው፣ ኢንጂነሩ። ወንፊት..." ጽሕፈትህ ሲያምር! [አጥፎ የደረት ኪሱ ይከተዋል] በል ጋሼ፣ አረፍ በል። የምንፈልገው ነገር የለም።

ኢንጂነሩ: ምን ማለትህ ነው? እህትህ የደበቀችውስ?

አማች: ምንም አልደበቀችም።

ኢንጂነሩ: ደብዳቤውስ?

አማች: እኔ ነኝ የጻፍኩት።

ኢንጂነሩ: [ደብዳቤውን ያወጣል፣ ወደ መብራት ያስጠጋዋል] አንተ? ይቺን "ለ"?

አማች: አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ነው የጻፍኳት። ስትዞር እግሯ ተወረወረ።

ኢንጂነሩ: አንተ... አንተ ሞኝ አልነበርክም እንዴ?

አማች: ነበርኩ። የካውያውን ገመድ በዚህ በር ሥር ወጥቶ እስካየው ድረስ። ሄጄ ለእህቴ ነገርኳት። "ባሌ እንዲህ አያደርግም፣ ማስረጃ አለህ?" አለችኝ። እኔ ማስረጃ መጻፍ የት ችዬ? ሃያ ዓመት ማስረጃ ሲጽፍ የኖረ ሰው ግን እቤት ውስጥ አለ።

ኢንጂነሩ: ስማ ወንድሜ። ወንድሜ አይደለህ? ቁጭ በል እስቲ። እዚህ ላይ ቁጭ በል።

አማች: ሰርቨሩ ላይ?

ኢንጂነሩ: ወንበር ነው! ወንበር ነው ያልከው ልክ ነበርክ! የጥርስ ብሩሽህንም ውሰድ።

አማች: ቦርድ ጠርጎ? ይቅርብኝ።

ኢንጂነሩ: አዲስ እገዛልሃለሁ! ወረቀቱን ብቻ ስጠኝ። አንዳንዱ ላይ ቀኑን ተሳስቻለሁ፣ ላስተካክለው።

አማች: ማኅተም የተመታበትን ማስተካከል ወንጀል ነው ብለህ አስተምረኸኛል።

ኢንጂነሩ: መቼ?

አማች: ራት ላይ። ያኔም ወደኔ እያየህ ነበር።

[የበሩ ደወል ይጮኻል።]

ኢንጂነሩ: ሽቦውን ልቀቀው! ቀልድ አይደለም አሁን!

አማች: [ሁለት እጁን ወደ ላይ ያነሳል] አልነካሁም።

[ደወሉ እንደገና፣ ረዘም ብሎ ይጮኻል። ሁለቱም ቀዩን ሽቦ ያያሉ። ሽቦው ብቻውን ተንጠልጥሏል።]

ኢንጂነሩ: [በሹክሹክታ] እሷ ናት። ወንድሜ፣ በእናትህ፣ ወረቀቱን ደብቀው!

አማች: የት ልደብቀው?

ኢንጂነሩ: እዚሁ! ክምሩ ውስጥ ወርውረው! እዚህ ክፍል የገባ ነገር አስር ዓመት ቢፈለግ አይገኝም!

አማች: [የደረት ኪሱን መታ መታ እያደረገ ወደ በሩ ይሄዳል] እንደዚያ ከሆነማ ጋሼ፣ አንተ ግባበት። እኔ በሩን ልክፈትላት።