የዓመቱ እጅግ የረኩ ደንበኛ

ስለ ልደታ የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያኑና ከፍርድ ቤቱ አያልፉም። ይህ ትልቅ ግድፈት ነው። ከፍርድ ቤቱ ጀርባ፣ ታክሲ ተራውን አለፍ ብሎ በሚገኝ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የሰው ልጅ ቅሬታ ከነአካቴው የጠፋበት ቢሮ ነበር። ቢሮው የኮንዶሚኒየሞችን የውሃ መስመር ይጠግን ነበር፤ ማለቴ፣ እንዲጠግን ተቋቁሞ ነበር። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ስለነበርኩ ይህን ታላቅ ድል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቁጭ ብዬ ተከታትያለሁ። እንዲህ ያለ ዕድል ለሁሉም አይሰጥም።

ሥራ አስኪያጃችን አቶ በዕውቀቱ ራእይ የማያልቅባቸው ሰው ናቸው። ውሃ በማይኖርበት ቀን እንኳ ራእይ ነበር። ቢሮአችን ቀደም ሲል የሚታወቀው «ሲስተም የለም» በሚለው መልሱ ነበር። ባለጉዳይ ደረጃውን እያለከለከ ይወጣል፣ ሲስተም የለም ይባላል፣ ይወርዳል። ይህ ኋላ ቀር አሠራር አቶ በዕውቀቱን ያንገበግባቸው ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት ሁላችንንም ሰብስበው ተነሥተው ቆሙ።

«ከዛሬ ጀምሮ የደንበኞች ተሞክሮ አስተዳደር ሥርዓት ባለቤት ሆነናል» አሉ። «ይህንንም ሥርዓት በሰው ሠራሽ አስተውሎት ከምትሠራ ረዳት ጋር እናስተሳስረዋለን። ትስስሩ ቅንጅትን፣ ቅንጅቱ ቅልጥፍናን፣ ቅልጥፍናው ደግሞ መልሶ ትስስርን ያመጣል።»

አጨበጨብን። ከጎኔ የተቀመጠው የቧንቧ ሠራተኛው ጂራታ «ቱቦስ?» ብሎ ጠየቀኝ። ቱቦ አጀንዳው ላይ ስላልነበረ አልመለስኩለትም።

ረዳቷ «እርካታ» ተባለች። ስሟን ያወጡላት ራሳቸው አቶ በዕውቀቱ ናቸው፤ ከሥርዓቱ ጋር ያገናኘቻት ደግሞ ማሂ የምትባል ወጣት የኮምፒውተር ባለሙያችን ነበረች። አሠራሩ ቀላል ነው። ደንበኛ ሲደውል እርካታ በለሰለሰ ድምፅ «እንደምን አሉ?» ትላለች። የሰማችውን መልስ ለሥርዓቱ ታቀብላለች። መልሱ ደስታ ካለበት ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ይበራል፣ ጉዳዩም በራሱ ጊዜ ይዘጋል። ምሬት ካለበት ቀይ ይበራል፣ ለጂራታም የሥራ ትእዛዝ ይወጣለታል። ያለ ትእዛዝ ጂራታ መፍቻ ማንሳት አይችልም። ማሂ ከሰላምታው ቀጥሎ ሌላ ጥያቄ ጨምራ ነበር፤ እርካታ «እሺ፣ ምን ሆነው ነው?» ብላ ትጠይቃለች።

ሳምንቱ ሲሞላ ውጤቱን ለመገምገም ተሰበሰብን።

«የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ሁሉም አረንጓዴ ነው» አለች ማሂ። «የሁለተኛው ሁሉም ቀይ።»

«ስህተቱ ታዲያ የቱ ላይ ነው?» አሉ አቶ በዕውቀቱ።

«ስህተት አይደለም። ሰዉ መጀመሪያ ፈጣሪውን ያመሰግናል፣ ከዚያ ችግሩን ይናገራል። እርስዎም እንደዚያው ነው የሚያደርጉት።»

«እኔን ተይኝ። አንድ ደንበኛ ስልኩን ሲያነሳ ረክቶ፣ ሲዘጋ ተማሮ ከሆነ፣ ያማረረው ምንድን ነው?»

ማሂ «ውሃ...» ብላ ጀመረች።

«መሃል ላይ የጠየቅነው ጥያቄ ነዋ» አሉ አቶ በዕውቀቱ።

በዚህ ጥልቅ ትንታኔ መሠረት ሁለተኛው ጥያቄ የደንበኞች ምሬት ዋና ምንጭ መሆኑ ተረጋግጦ በሙሉ ድምፅ ተሰረዘ። ማሂም እጇን አወጣች፤ የሙከራ ጊዜዋን አልጨረሰችም ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ለውጥ ለመግለጽ ቃላት ያጥረኛል። ከሰንጋ ተራ የሚደውለው ባለሱቅ ጀይላን፣ መጸዳጃ ቤቱ ከደረቀ የሰነበተ ሰው፣ «አልሐምዱሊላህ» ሲል አረንጓዴ በራ። እርካታ በሃይማኖት አታዳላም። «አለን ብቻ» ያሉ ጎረምሶች «ደንበኛው መኖሩን አረጋግጧል» ተብለው ተመዘገቡ። «ምን ደህና አለ!» ያለ አንድ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ብቻ ቀይ ሊያበራ ሲል፣ አጠገቡ የነበረችው ሚስቱ ስልኩን ነጥቃ «ተመስገን በል እንጂ አንተ ሰውዬ» ስላለች እሱም ዳነ። ጋቢውን ያየሁት በኋላ ሲመጣ ነው። ድሮ ባለጉዳይ ሲስተም የለም ተብሎ ይመለስ ነበር፤ አሁን ሲስተም አለ ተብሎ ይመለስ ጀመር።

ከሁሉም የረኩት ግን ወይዘሮ ወለተሰንበት ናቸው። ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። ከፋሲካ በፊት ከቢሮአችን የተላኩ ሰዎች የሕንፃውን ቱቦ ሲቀይሩ የእሳቸውን ቤት መስመር ዘግተው፣ ሳይከፍቱት ሄዱ። ባለቤታቸው አቶ ገብረጊዮርጊስ አልጋ ላይ የዋሉ ሰው ናቸው። በየቀኑ መታጠብ አለባቸው፤ ጀርባቸው መቁሰል ጀምሯል። ስለዚህ ወይዘሮዋ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ጄሪካን ተሸክመው አራት ፎቅ ይወጣሉ። ያቺን የውሃ መዝጊያ መክፈት ደግሞ የአንድ ሰው እጅ ሥራ ነው። በየጠዋቱ ደወሉ፣ በየጠዋቱ «እንደምን አሉ?» ተባሉ፣ በየጠዋቱ አመሰገኑ፣ በየጠዋቱ ተዘጋባቸው። በመጨረሻ በእግራቸው መጡ።

«ጌታዬ፣ ውሃዬን ክፈቱልኝ» አሉ።

አቶ በዕውቀቱ በአክብሮት ከመቀመጫቸው ተነሥተው ስክሪኑን ተመለከቱ። «እማማ፣ እዚህ ላይ እጅግ ረክተዋል ይላል።»

«ማን ነው ያለው?»

«እርስዎ ነዎት። ይስሙት።»

የተቀዳውን ከፈቱላቸው። የገዛ ድምፃቸው «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ።

«ይሄ የእርስዎ ድምፅ አይደለም?»

«የኔ ነው። ግን ጌታዬ፣ እሱን ያመሰገንኩት ስለ ውሃው አይደለም።»

«ሲስተሙ ስለምን እንደሆነ አይጠይቅም፤ እኛም ብንሆን በደንበኛ የግል ጉዳይ አንገባም።»

ማሂ ወጥታ ደረጃው ላይ ደረሰችባቸው። እኔም ተከትዬ ወጣሁ።

«እማማ፣ እንደምን አሉ ስትልዎ ‹ደህና አይደለሁም፣ ተማርሬያለሁ› ይበሏት። የዚያኔ ይመጡልዎታል።»

«እግዜርን አላመሰግንም ልበላት?»

«ለአንድ ጊዜ ብቻ።»

«ልጄ፣ ውሃ ሳላገኝ ሰንብቻለሁ። እሱን ሳላመሰግን ግን አንድ ቀን ውዬ አላውቅም። እሱ ላይ አማርሬ ባገኘሁት ውሃ የታመመ ሰው አላጥብም።»

እውነቴን ነው፣ አንጀቴን በሉት። ሆኖም ቃለ ጉባኤ ላይ የአንጀት ጉዳይ አይያዝምና አልያዝኩትም። በማግስቱ ግን፣ ማሂ ተማጽናቸው መሰለኝ፣ ሞከሩ። ቅጂውን ሰምቼዋለሁ። «እንደምን አሉ?» ተባሉ። ከበስተኋላ የአቶ ገብረጊዮርጊስ ማቃሰት ይሰማል። «ዛሬስ... ዛሬስ...» አሉ። ከዚያ «ኧረ ተመስገን» ብለው ራሳቸው ዘጉት። አረንጓዴ በራ።

ዓመቱ ሲያልቅ የእርካታ መጠናችን መቶ ሊሞላ ምንም ያህል አልቀረውም። በዓል ተዘጋጀ። ሥርዓቱ ራሱ፣ የማንም እጅ ሳይገባበት፣ ብዙ ጊዜ ያመሰገኑትን ሰው ቆጥሮ ወይዘሮ ወለተሰንበትን የዓመቱ እጅግ የረኩ ደንበኛ አድርጎ መረጠ። ተጠርተው ሲመጡ ውሃው ሊለቀቅላቸው መስሏቸው ነበር። መድረክ ላይ አውጥተን ሸለምናቸው። ሽልማቱ የውሃ ማሞቂያ ነበር።

«እማማ፣ እንደምን አሉ?» አሉ አቶ በዕውቀቱ በማይክሮፎን።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ ወይዘሮ ወለተሰንበት። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ስክሪን አረንጓዴ በራ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ቀጥለው «የሚሞቀውስ ውሃ?» ማለታቸውን የሰማነው አጠገባቸው የቆምን ብቻ ነን።

የክብር እንግዳዋ፣ ከበላይ መሥሪያ ቤታችን የመጡት ወይዘሮ ፀዳለ፣ የመዝጊያ ንግግር አደረጉ።

«ይህ ቢሮ የተቋቋመው የነዋሪውን የውሃ ቅሬታ ለመፍታት ነበር» አሉ። «ዛሬ በዓይናችን እንዳየነው አንድም ቅሬታ የለም። ተልእኮውን ፈጽሞ ያሳካ ቢሮ ከዚህ በኋላ ቢቆይ የሀብት ብክነት ይሆናል። በመሆኑም ከዛሬ ጀምሮ ቢሮው በክብር ተዘግቷል። እርካታ ብቻ ሥራዋን ትቀጥላለች።»

አጨበጨብን። ነገሩ የገባን ጭብጨባው መሃል ላይ ነው። አቶ በዕውቀቱ የክብር እንግዳዋን እስከ መኪናቸው ተከተሏቸው።

«ክብርት ሆይ፣ እኔ ቅሬታ አለኝ።»

«በጣም ጥሩ» አሉ ወይዘሮ ፀዳለ። «ሠራተኛ የውስጥ ደንበኛ ነው። ለእርካታ ይደውሉላት።»

እዚያው በር ላይ ቆመው ደወሉ። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ እርካታ ነኝ። እንደምን አሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኔ እንኳን...»

«በአገልግሎታችን ስለረኩ ደስ ብሎናል። መልካም ቀን።»

ደግመው ደወሉ። ደግመው አመሰገኑ። በሦስተኛው ላይ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ሞከሩ፤ በጣቶቻቸው መሃል ሾልኮ ወጣ። «እናቴ ናት እንዲህ አድርጋ ያሳደገችኝ» አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

ከቢሮው የቀረን ሥራ ሽልማቱን ማድረስ ብቻ ነበር፤ ወይዘሮ ወለተሰንበት ማሞቂያውን መሸከም ስላልቻሉ ትተውት ሄደዋል። በማግስቱ አቶ በዕውቀቱና እኔ በአንድ በኩል፣ ጂራታ በሌላ በኩል ይዘን አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሸከምነው። አቶ በዕውቀቱ በየፎቁ አረፉ። ወይዘሮዋ ጄሪካን ይዘው የሚወጡት በዚህ ደረጃ መሆኑን ሳልነግራቸው አላለፍኩም።

ጂራታ ማሞቂያውን ለመግጠም የተዘጋውን መስመር መክፈት ነበረበት። የሥራ ትእዛዝ የሚጠይቀው ቢሮ ስላልነበረ መፍቻውን አወጣና ከፈተው። ቧንቧው ትንሽ አሳለ፣ ድፍርስ ተፋ፣ ከዚያ ንጹሕ ውሃ መጣ። ወይዘሮ ወለተሰንበት ጄሪካኑን ደቀኑበትና በደስታ እልል ሊሉ አስበው ባለቤታቸው መተኛታቸው ትዝ ብሏቸው ተዉት። ከዚያ ዘወር ሲሉ በሩ ላይ የቆሙትን አቶ በዕውቀቱን አዩ። ጌታዬ አላሏቸውም።

«እንደምን አለህ ልጄ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ አቶ በዕውቀቱ፣ መሬት መሬት እያዩ።

ወይዘሮ ወለተሰንበት ፊታቸውን ትንሽ አስተዋሉት።

«ይመስገን። እሺ፣ ምን ሆነህ ነው?»

ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ነኝና አውቀዋለሁ፤ በሙሉ ድምፅ የሰረዝነው ጥያቄ ነው። አቶ በዕውቀቱ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገሯቸው። ሲጨርሱ ጄሪካኑ ሞልቶ ይፈስ ነበር።