ኦሲሎስኮፕ ያስመረጥን ሽማግሌዎች

በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ሽምግልና ደም አድርቋል፣ ወሰን ለይቷል፣ ተኳርፈው የከረሙ ባልና ሚስትን መልሶ አንድ ማዕድ ላይ አስቀምጧል። ኦሲሎስኮፕ ግን መርጦ አያውቅም ነበር። ይህን ሰፊ ክፍተት ለይተን፣ አቅደንና ተንቀሳቅሰን የሞላነው እኛ ነን። እኛ ስል አባ ወልደሩፋኤልን፣ ሸህ እንድሪስንና እኔን ይሄነውን ማለቴ ነው። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የወረዳ የዕቅድና ክትትል ባለሙያ ነበርኩ። በእኔ ጊዜ ሳይታቀድ የተሠራ ሥራ አልነበረም። ታቅዶ ያልተሠራውን አታንሱብኝ።

ነገሩ የተጀመረው በእንቁላል ነው። አበጋዝ የሚባል፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ክፍል የሚሠራ ጨዋ ልጅ አለን። ከሥራ ሲወጣ ኤሌክትሮኒክስ ይነካካል። ቤቱ ሲገቡ መቀመጫ አይገኝም፤ ወንበሩን ሁሉ ሆዱ የተዘረገፈ ሬዲዮ፣ ክዳን አልባ ቴፕና ከደሴ ተጭኖ የመጣ የሞተ ሪሲቨር ይዞታል። ይህ ልጅ ፈይዛን ወደደ። ፈይዛ የእህል ነጋዴው የአህመዲን ልጅ ናት። ጅዳ ሠርታ ተመልሳ፣ ዶሮ እርባታ ልትጀምር ቆርጣ የተነሳች ልጅ ናት። እሷም ወዳዋለች፤ ይህን አገር ያውቀዋል።

አበጋዝ ፍቅሩን ሲገልጽ ሽቶ አልገዛ፣ ሻርፕ አልገዛ። «የጫጩት መፈልፈያ ሳጥን ልሥራልሽ» አላት። ሠራም። ሙቀቱን የሚቆጣጠረውን ሰርኪዩት በገዛ እጁ በየደ፣ እንቁላሉን ደረደረ፣ ሶኬቱን ሰካ። በማግስቱ ፈይዛ ክዳኑን ብትከፍት እንቁላሉ በሙሉ ተቀቅሏል።

ይህን ሳናውቅ እኛ ሽማግሌዎች ልጅቱን ልንጠይቅ አህመዲን ቤት ሄድን። በር ላይ ቆመን፣ መርቀን፣ የልጃችንን ቁም ነገረኛነት ዘርዝረን ስንጨርስ አህመዲን ጢሙን አሻሸ።

«ወላሂ፣ በልጁ ክፉ አላይበትም» አለ። «ግን የልጄን እንቁላል ቀቅሎ ልጄን አልሰጠውም። ሳጥኑን ያስተካክል፣ አንዲት ጫጩት ታውጣ፤ ያን ጊዜ ኑ።»

«የጊዜ ሰሌዳ ቢቀመጥለት» አልኩ እኔ በሙያዬ።

«እሱን ዶሮዋን ጠይቋት» አለና ቁጭ በሉ እንኳ ሳይለን ገባ።

አበጋዝ ፍርዱን በጸጋ ተቀበለ። እሱ እንደሚለው ሳጥኑ ጤነኛ ነው፣ የሚረብሸው ሲግናሉ ነው፣ ሞገዱን በዓይኑ ሳያይ እጁን አያስገባም፤ ስለዚህ ኦሲሎስኮፕ ያስፈልገዋል። ለማያውቅ ላስረዳ፦ ኦሲሎስኮፕ በሽቦ ውስጥ የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ ሞገድ በስክሪን ላይ እየሳለ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ሐኪም ቤት የልብ ምት ከሚያሳየው ጋር ይመሳሰላል። እኔም ይህን ያወቅሁት በዚያው ቀን ነው፤ ግን ከጥንት ጀምሮ የማውቀው ያህል ራሴን ነቀነቅሁ።

መሣሪያው ከየት ይምጣ? መልሱ ቀላል ነበር። የፈይዛ ታላቅ እህት አሚራ ዱባይ ናት፤ በየዓመቱ ለአረፋ ትመጣለች። «ስሙን ብቻ ላኩልኝ» ብላለች፣ «ሱቁ ከምኖርበት ፎቅ ሥር ነው።» ይህን ያለችው ግን ለባለፈው ዓመት አረፋ ነበር። አበጋዝ እያወዳደረ ስለነበር አሚራ ብርድ ልብስ አምጥታ ተመለሰች። ልጁ ዓመቱን ሙሉ ስልኩ ላይ ተደፍቶ፣ ፈረንጅ አንዱን ኦሲሎስኮፕ ከሌላው አጠገብ አስቀምጦ ሲያመሰግንና ሲያማ ሲመለከት ከረመ። «ርካሽ፣ ግን ጥሩ» የሚል መመሪያ ነበረው። ርካሹን ሲያገኝ ጥሩ አይደለም፤ ጥሩውን ሲያገኝ ርካሽ አይደለም።

ሁለተኛው አረፋ ሲቃረብ ፈይዛ እኛው ዘንድ መጣች።

«አባቶቼ፣ አፈር ስሆን» አለች፣ «ሄዳችሁ አስመርጡልኝ። የፈለገውን ይምረጥ፤ ብቻ ይምረጥ።»

ሽማግሌ ከሴቷ ወገን ወደ ወንዱ፣ ያውም ዕቃ ለማስመረጥ! እንዲህ ያለ አደራ በማንም ላይ አይወድቅም። ነጠላችንን አስተካክለን፣ ሸሁ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ የአበጋዝን ሬዲዮኖች ወደ መሬት አውርደን ተቀመጥን።

«በል ልጄ፣ አማራጮቹን አቅርብ» አልኩት።

«አንዱ የኪስ ነው» አለ አበጋዝ። «እንደ ስልክ በእጅ ይያዛል። ርካሽ ነው፤ ግን በጣም ፈጣን ሞገድ ያመልጠዋል።»

«ይኸው ነው!» አሉ አባ ወልደሩፋኤል። «ደጎሎ ስትሄድ ይዘኸው ትሄዳለህ።»

«ደጎሎ ምን ልሠራ እሄዳለሁ አባ?»

«ብትሄድስ?»

አበጋዝ ይህን አላሰበበትም ነበር። «ሌላው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ነው» ብሎ ቀጠለ። «እስከ መቶ ሜጋኸርዝ የሚደርስ ፈጣን ሞገድ ያያል። ትልቅ ስክሪንና ብዙ ማዞሪያ አለው።»

«ማሻአላህ» አሉ ሸህ እንድሪስ። «ማዞሪያ ያለው ነገር ክብር አለው። እንግዳ ቢመጣ የሚታይ እሱ ነው።»

«ሦስተኛው የራሱ ስክሪን የለውም፤ ኮምፒውተር ላይ ይሰካል።»

እኔ ይህን ስሰማ ልቤ ሞቀ። «ነባር ሀብትን አሟጦ የሚጠቀም አማራጭ ነው» አልኩ። «የምደግፈው ይህን ነው።»

«ኮምፒውተሬ ተቃጥሏል ጋሽ ይሄነው።»

«እሱ የትግበራ ጉዳይ ነው።»

እዚህ ላይ ሸሁ አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ ከእሳቸው በማይጠበቅ ችኮላ። «የዚህ የሳጥኑ ሞገድ ፍጥነቱ ምን ያህል ነው?»

«እሱማ ቀርፋፋ ነው» አለ አበጋዝ። «የኪሱም፣ የጠረጴዛውም፣ የኮምፒውተሩም በደንብ ያየዋል።»

ልንጨርስ ምንም አልቀረንም ነበር። እግዜር ይስጠው፣ አበጋዝ ራሱ አዳነን። «ግን ወደፊት ቢያስፈልገኝስ?» አለ።

ወደፊት! እኔ ለወደፊት ስል ሙሉ ዕድሜዬን የሠራሁ ሰው ነኝ። አባም ስለ ወደፊቱ ሲሰብኩ የኖሩ ናቸው። የሸሁም ነገር እንደዚያው ነው። እንቁላሉን ወዲያ ትተን ስለ ወደፊት መምከር ጀመርን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በትሕትና ልናገር፤ ከተማው በእውቀት ተጥለቀለቀ። ቀድሞ ሸህ እንድሪስ ሲያገኙኝ የቤተሰቤን ደህንነት ነበር የሚጠይቁኝ። አሁን ገና ከሩቅ «ባንድዊድዝ ሳይኖር ምን ደህንነት አለ!» ይሉኝ ጀመር፤ ባንድዊድዝ ማለት መሣሪያው ሊያየው የሚችለው የሞገድ ፍጥነት ጣሪያ ነው። አባ ወልደሩፋኤል ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ የኪሱን ወገን አደራጁ። ሁለቱ አባቶች በሃይማኖት ምክንያት አንድም ቀን ተቀያይመው የማያውቁ፣ በኦሲሎስኮፕ ተኳረፉ። አጅባር ገበያ ድረስ ወርደን የበሬ ደላላ አማከርን፤ «ሳታስነዱ እንዳትገዙ» አለን። በሚገባ አመስግነነው ተመለስን።

በመጨረሻ እርቅ ወረደ። ሁላችንንም የሚያስማማ መሣሪያ አገኘን፦ ኪስ የሚገባ፣ ብዙ ማዞሪያ ያለው፣ ኮምፒውተር ላይም የሚሰካ። አበጋዝ ዓይኑ በራ። «እንዲህ ያለ በሚመጣው ዓመት ይወጣል እየተባለ ነው» አለን። ተቃቅፈን ተሳሳምን። እኔ እንባዬ መጣ፣ አልደብቅም።

ውጤቱን ለፈይዛ ያቀረብኩት እኔ ነበርኩ። አባቷ አህመዲንም አጠገቧ ነበር።

«ከሰፊና ጥልቅ ውይይት በኋላ» አልኩ፣ «በሙሉ ድምፅ ከስምምነት ላይ ተደርሷል።»

«አልሐምዱሊላህ! የቱን መረጠ?» አለች ፈይዛ።

«እንዲጠበቅ።»

ፈይዛ ተራ በተራ አየችን። አህመዲን ወደ ግድግዳው ዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ሳቅ ይሁን ንዴት አልለየሁም። ልጅቱ ስልኳን አወጣችና እዚያው ፊታችን ደወለች።

«አሚራ፣ ወደ ታች ውረጂ። ሱቁ ውስጥ ገባሽ? መጀመሪያ እጅሽ የነካውን ኦሲሎስኮፕ ግዢ።»

«የትኛውን ዓይነት?» ሲል የአሚራ ድምፅ ተሰማ።

«አንቺ ደግሞ አትጀምሪብኝ!» ብላ ዘጋችው።

ይህ አካሄድ ከአሠራር ውጭ መሆኑን በጨዋ ቃል አስገነዘብናት። «አብሽሩ» አለችን።

አሚራ ለአረፋ መጣች፤ ካርቶኑም መጣ። ሁላችንም አበጋዝ ቤት ተሰበሰብን፤ አህመዲንም ሳይቀር። አበጋዝ ካርቶኑን ተቀበለና አልከፈተውም። ጎኑን አነበበ። ሌላውን ጎን አነበበ። ገልብጦ ሥሩን አነበበ።

«ክፈተው» አለች ፈይዛ።

«ይኼ ሞዴል እኮ…»

«አበጋዝ፣ ክፈተው!»

ልጁ ካርቶኑን ታቅፎ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ከከፈትኩት ምን ሰበብ ይቀረኛል?» አለ። «እስከዛሬ ሰው ሁሉ ‹መሣሪያ አጥቶ ነው እንጂ ይችላል› ይለኝ ነበር። አሁን ሞገዱን አይቼ ምን እንደሆነ ካልገባኝስ? አባትሽ ‹መሣሪያውም አለው፣ እሱ ግን አይችልም› ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። አንቺን አጣሁ ማለት ነው። ዓመቱን ሙሉ የፈራሁት እሱን ነው ፈይዛ፤ ኦሲሎስኮፕማ የቱም ይሆነኝ ነበር።»

የቱም ይሆነኝ ነበር! እኛ አጅባር ድረስ በእግራችን ወርደን! ሸህ እንድሪስ አባ ወልደሩፋኤልን አዩ፣ አባ እኔን አዩ፣ እኔ የማየው ሰው ስላጣሁ ሬዲዮኑን አየሁ።

ፈይዛ አጠገቡ ተቀመጠች። «እኔ ጅዳ የገባሁት ምግብ እችላለሁ ብዬ ነው» አለችው። «ሩዝ ቀቅዬ አላውቅም ነበር። የመጀመሪያውን አሳረርኩት። የሚቀጥለውንም አሳረርኩት። እመቤትየዋ ጮኸች፤ አለቀስኩ፤ ደግሞ ጣድኩ። አንተም አሳርር። እኔ እንቁላል አመጣለሁ።»

ከፈተው። ሽቦውን አገናኝቶ ሲያበራው ስክሪኑ ላይ ቢጫ መስመር ሄደ፤ አባ አማተቡ። አበጋዝ መስመሩን ለረጅም ጊዜ አየው፣ አልገባውም። «አልገባኝም» አለ ጮክ ብሎ፣ ሰማይም አልወደቀበትም። ከዚያ እየነካካ፣ አንዱን ክፍል እያቃጠለ፣ ሌላውን እየቀየረ ሰነበተ። አንድ ቀን የሙቀት መቆጣጠሪያውን አንዱን ሽቦ ሲነካው መስመሩ እንደ ፌንጣ ዘለለ። ብየዳው አልያዘም ነበር፤ የገዛ ራሱ ብየዳ። እንደገና በየደው፤ መስመሩም ረጋ።

ፈይዛ እንቁላል ደረደረች። ጊዜው ሲደርስ እርጥብ፣ ጠማማ፣ የሚያስቅ ጫጩት ወጣ። አህመዲን መዳፉ ላይ አድርጎ ሲያየው ቆየና «ይበቃኛል» አለ።

እኛም ዋናው ሥራችን አሁን መሆኑን ተረድተን፣ የኒካውን ቀን በሚመለከት አማራጮችን ለማቅረብ ሄድን። እኔ ለአጨዳ ማግሥት አስቤ ነበር፤ ሸሁ ሌላ ወር ይዘዋል።

«ዓርብ ነው» አለች ፈይዛ።

«ማን መረጠው?»

«እኔ።»

«ከአበጋዝ ጋር ተማክራችሁ?»

«አበጋዝ ሳጥኑን እያሰፋ ነው፤ ሐሙስ ማታ እነግረዋለሁ። እናንተ መጥታችሁ ብትመርቁን ይበቃናል።»

ምርቃት ቀላል ነገር አይደለም። ዓርብ ዕለት ቤቱ በሰው ሞልቶ ሳለ፣ ከሦስታችን ማን ይመርቅ የሚለው ጥያቄ በቂ ዝግጅት እንዳልተደረገበት ስለተገነዘብን ለአጭር ምክክር ወደ ጓሮ ወጣን። ሸሁ «ኒካው የእኛ የሙስሊሞቹ ነው» አሉ፤ አባ በዕድሜ እበልጣለሁ አሉ፤ እኔ ተራ የሚጠብቅ አሠራር እንዲዘረጋ ሐሳብ አቀረብኩ። ጥሩ ውይይት ነበር። ተግባብተን ስንመለስ አንድ ወጣት ቃዲ ኒካውን አስሮ፣ ሰዉ አሚን ብሎ ጨርሶ እጁን እየታጠበ ነው። ዕለቱ ጾም ስለነበር ለእኔና ለአባ ለብቻችን ሽሮ ቀርቦልናል።

«የት ገባችሁ?» አለ አህመዲን።

«ሸህ እንድሪስ እንዲመርቁ በሙሉ ድምፅ ወስነናል» አልኩት።

«አይዟችሁ፣ ልጅ ሲወልዱ ትመርቁታላችሁ» አለ።

ፈይዛ ከወዲያ ማዶ ሰማችው። «መመረቁንስ ይመርቁት» አለች፣ «ስሙን ግን አውጥተነዋል።»