የክቡር ማስረጃ ተማሪ

ትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጠ ሰው ሁሉ እንደ ክቡር ማስረጃ ያለ አንድ መምህር ሳያጋጥመው አልወጣም። ስሙን ያወጡላቸው ተማሪዎቻቸው ናቸው። ኮሌጅ ውስጥ የንግድ ሥነ ምግባር ያስተምራሉ። "አሞኝ ቀረሁ" ያላቸውን "የሐኪም ወረቀትስ?" ይሉታል። "አያቴ ሞተችብኝ" ያላቸውን በወጉ አጽናንተው ሲያበቁ "የትኛዋ? ባለፈው ወር የሞተችው?" ይላሉ። አንድ ቀን ራሳቸው ሦስት ደቂቃ ቢያረፍዱ፣ የስም መቆጣጠሪያውን ከፍተው "መምህሩ አርፍደዋል" ብለው ጻፉና ፈረሙበት።

ከሁሉ አብልጣ የምትስቅባቸው ማታ ማታ የምትማር አንዲት የቀለም ፋብሪካ ሒሳብ ሠራተኛ ነበረች። ድምፃቸውን አስመስላ ስታወራ ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል።

አንድ ሰኞ ሥራ አስኪያጇ ጠራትና፣ "መጋዘን ያለውን ቀለም እንደተሸጠ አድርገሽ መዝግቢው። ባንኩ ብድሩን እስኪፈቅድልን ነው፤ የአንድ ወር ነገር ነው፣ እህቴ" አላት። ሁለት ልጆች ብቻዋን ታሳድጋለች። ሳቋ ድራሹ ጠፋ።

ከክፍል በኋላ ወደ መምህሩ ጠጋ ብላ፣ "መምህር፣ አንዲት ጓደኛዬ ቸግሯት..." ብላ ጀመረች። ሰምተው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

"እኔንም የሒሳብ ሹም ሳለሁ የአንድ ወር ነገር ነው ብለውኝ ነበር። አራት ዓመት በሐሰት ሒሳብ ላይ ፈረምኩ። ድርጅቱ ሲወድቅ የሦስት መቶ ሰው እንጀራ ተዘጋ። እኔም ታሰርኩ፤ እስሩስ አለቀ። ፖሊስ ይዞኝ ሲወጣ ግን የበር ጠባቂው፣ ደመወዙን ያስቀረሁበት ሰው፣ ብድግ ብሎ 'እግዜር ይርዳዎት፣ ጌታዬ' አለኝ። እሱ ነው አልለቅ ያለኝ።"

"ታዲያ ጓደኛዬ ምን ታድርግ?"

"እሱን እሷ ታውቃለች። የምትነግራቸው ቀን ግን አብሬያት እሄዳለሁ።"

ሐሙስ "አልመዘግብም" የሚል ደብዳቤ ይዛ ስትገባ፣ ክቡር ማስረጃ ፋብሪካው በር ላይ ፀሐይ እየመታቸው ቆሙ። ሁለት ሰዓት ጠበቁ። ዕቃዋን በካርቶን ታቅፋ ወጣች።

"ጓደኛሽን ምን አሏት?"

"አሰናበቷት።"

ካርቶኑን ተቀበሏት። መንገድ ሲሻገሩ ሳይታወቃት ክንዳቸውን ያዘች።

ወንበሯን የተረከበው ሰው ፈረመ፤ አሁን ፍርድ ቤት ይመላለሳል። እሷ አንድ ትንሽ ማተሚያ ቤት ገብታለች። ደመወዙ ስላነሰ ልጆቿ ትምህርት ቤት የሚሄዱት በእግራቸው ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ታዲያ ምሳ ለሁለት ሰው ቋጥራ ኮሌጁ ግቢ ትገባለች።

"ምነው ልጄ፣ አስቸገርኩሽ እኮ" ይሏታል።

"ይብሉ እንግዲህ፣ ይቀዘቅዛል" ትላቸዋለች።